በማንኪያ የተጠጣ ዝንጅብል

ዝንጅብል አይወቀጥም። ለወጥ ከሆነ ውቀጡት፣ ለቅመም ከሆነ ፍጩት፤ ለታመመ ሆድ ግን አትውቀጡት። ይሄን እማዬን ለማሳመን የደከምኩት ድካም ዲግሪዬን ለመያዝ ከደከምኩት አያንስም። ዲግሪው ተሳክቷል፣ እማዬ ገና ናት።

የእኛ ቤት ሕግ "ካላቃጠለ መድኃኒት አይደለም" ነው። እማዬ "ቆረጠኝ" የሚል ድምፅ ከሰማች ሙቀጫዋን ታወርዳለች። ዝንጅብሉን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ፌጦውን፣ ከባሰባትም ሚጥሚጣውን አንድ ላይ ትደልዝና በፈላ ውሃ በጥብጣ ትሰጣለች። የጠጣው ሰው ዓይኑ እንባ ካላቀረረ "አልያዘህም፣ ድገመው" ነው መልሷ። አባዬ ደግሞ ግንባሩን ሳይቋጥር አንዴ ይገለብጠውና ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ጧ ያደርገዋል። የታመመ ሰው ሳይሆን ውድድር የገባ ሰው ነው የሚመስለው። ብርጭቆውን ካስቀመጠ በኋላ ግቢ ወጥቶ ምን እንደሚሆን እኛ ነን የምናውቀው።

እኔ የተመረቅኩት በሂሳብ አያያዝ ነው። ዝንጅብል የተማርኩት ዶርም ውስጥ ነው። የዩኒቨርሲቲ ካፌ በልቶ የማያውቅ ሰው ሆድ አለኝ ብሎ ባያወራ ጥሩ ነው። ፕሮክተሯ እንዳታይብን የውሃ ማፍያችንን በፎጣ ጠቅልለን አልጋ ስር እንደብቅ ነበር፤ ምሳ በልተን ስንመለስ ይወጣል። መጀመሪያ እንደ እማዬ ወቅጬ ሰራሁ። ጨጓራ ያለባት የዶርም ልጅ ጠጣችና ቀኑን ሙሉ ተጠቅልላ ዋለች፤ "ገደልሽኝ" እያለች። ከዛ በኋላ መጠኑን እየቀነስኩ፣ እየከተፍኩ፣ እያቀዘቀዝኩ፣ ማን ምን እንደተስማማው እየጠየቅኩ ለመድኩት። ሶስተኛ ዓመት ላይ ከሌላ ሕንፃ ሁሉ ኩባያ ይዘው ይመጡ ነበር። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር አልከራከርም። አውቀዋለሁ፣ በቃ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ነገሩ የተጀመረው ቅዳሜ ነው፣ በግመል ወተት።

የአባዬ ጓደኛ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ዘመዶቹ ግን ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ቢዮ አዋሌ ግመል ያረባሉ። እኔ "አዴር" ነው የምለው፣ በሶማልኛ አጎት ማለት ነው። እሱም እኔን መልሶ "አዴር" ይለኛል፤ በእነሱ ወግ አጎትም የወንድሙን ልጅ በዛው ስም ነው የሚጠራው። ድሬ አንቱታ ብዙ ስለማትወድ አንተ እያልኩ ነው ያደግኩት። ያን ቀን ከምሳ በፊት ቢጫ ጀሪካን ይዞ መጣ።

"ወላሂ ዛሬ ጠዋት የታለበ ነው" አለ። "ግን ቀስ በል። ላልለመደው ሆድ ያጥባል።"

"እኔን ነው ያልለመደ የምትለው?" አለ አባዬ ጣሳውን እየዘረጋ። "እዚሁ ደቻቱ ወንዝ ዳር ተወልጄ?"

"መወለድማ ተወለድክ። ሆድህ ግን ከደጋ ነው የመጣው።"

ይሄን ባይለው ይሻል ነበር። አባዬ አንዱን ጣሳ ጨርሶ ሌላ አስሞላ፣ ሁለተኛውንም ጨርሶ ጢሙን ጠረገ። አዴር "ያ አላህ!" እያለ በሳቅ ሞተ። እሱ ራሱ ትንሽ ነው የቀመሰው፤ ለቀልድ እንኳን አልተወዳደረም። ፀሐይ በርዳ ሱቆች እንደገና ሲከፈቱ አባዬ ከሳሎን ግቢ፣ ከግቢ ሳሎን ይመላለስ ነበር።

ሌላ ሳምንት ቢሆን ስቀንበት እናልፍ ነበር። ችግሩ በማግስቱ እሁድ ለእህቴ ሽማግሌ ሊመጣ መሆኑ ነው።

እህቴ የምትወደው ልጅ ባቡር ላይ ነው የሚሰራው። ለስልጠና ቻይና ተመርጦ በሚቀጥለው ሳምንት ይበራል፣ ስልጠናውም አጭር አይደለም። ከመሄዱ በፊት ቀለበት እንዲያስር አባዬ እሺ ማለት አለበት። አባዬ ልጁን ይወደዋል፤ የራሱ አባት የድሮው ባቡር ሰራተኛ ስለነበር ባቡር ያለ ሰው ሁሉ ዘመዱ ነው የሚመስለው። ግን ሽማግሌዎቹን ሊመልሳቸው ወስኗል።

"ሽማግሌ በአንድ ቀን እሺ አይባልም" አለ። "እሳት ሊጭር እንደመጣ ጎረቤት፣ ልጄን በር ላይ አፍሼ ነው እንዴ የምሰጠው? ሰው ምን ይላል? ከሶስት ሳምንት በኋላ ይመለሱ።"

"ከሶስት ሳምንት በኋላ ልጁ ቻይና ነው" አልኩት።

"ቻይና መንገድ የለውም? ይመለሳል።"

"አባዬ፣ ይሄ ነገርህ ለእሷ አይደለም። ለሰው ነው።"

"ውጪልኝ" አለ። እሱም መልሴን አልጠበቀም፣ ወደ ግቢ ሮጠ።

እህቴ መኝታ ቤት ትራስ ላይ ፊቷን ቀብራለች። "አንቺ ምላስሽ አያርፍም፣ እስቲ ደግመሽ ንገሪው" አለችኝ። ደግሜ ብነግረው እልሁን ነው የማጠነክረው፤ አባቴን አውቀዋለሁ። በዛ ላይ ሆዱን የሚቆርጠው ሰው ለምንም ነገር እሺ ብሎ አያውቅም። መጀመሪያ ሆዱ፣ ከዛ ሌላው። ባጃጅ ይዤ ቀፊራ ገበያ ወረድኩ።

እርጥብ ዝንጅብል የሚመረጠው በጥፍር ነው። ልጡ ስስ ሆኖ ጥፍር ሲነካው ውሃ የሚያወጣ፣ ሲሰበር ቀጭ የሚል መሆን አለበት። የተጨማደደው ቃጫው ብዙ ነው፣ ምላስ ይለበልባል። ሻጯ ሴትዮ አንድ በአንድ እያነሳሁ ስመልስ ብዙ ታገሰችኝ፤ መጨረሻ ላይ አልቻለችም።

"አንቺ፣ ምንድነው እንዲህ የምታገላብጪው? ባል ነው እንዴ?"

"ባል ቢሆን እንዲህ አልለፋም። ዝንጅብል ነው።"

አጠገቧ ያለችው ሎሚ ሻጭ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አለቻትና ሁለቱም እኔን እያዩ ተንከተከቱ። ትርጉሙን አልነግራችሁም። ሎሚውንም ከእሷው ገዛሁ።

አሰራሩ እንዲህ ነው። ልጡን በቢላ አትላጡ፣ በማንኪያ ጠርዝ ፋቁት፤ በቢላ ስትልጡ ግማሹ ዝንጅብል ከልጡ ጋር ይሄዳል። ከዛ በአግድሙ እንደ ወረቀት ስስ አድርጋችሁ ክተፉት። ውሃው ሲፈላ እሳቱን ቀንሱና ጨምሩት፤ ሽታው ቤቱን ሲይዝ አውርዱት፣ ክደኑት፣ ተዉት። እኔ አንዲት ፍሬ ሄል ሰንጥቄ እጥላለሁ፣ የሶማሌ ሻይ የምናፈላበትን ማለቴ ነው። ለብ ሲል አጥሩና ማር፣ ሆዱ ለሚሮጥበት ሰው ደግሞ ቁንጥር ጨው ጨምሩ። ሎሚ ጨጓራ ለሌለበት ብቻ፣ ጥቂት ጠብታ። ፍል አይጠጣም፣ በበረዶም አይጠጣም፤ ድሬ ስለሞቀ ሆዳችሁም በረዶ ይፈልጋል ማለት አይደለም። በትንሽ በትንሹ ነው። ትኩሳት ወይም ደም ካለ ደግሞ ከእኔ ጋር አትድከሙ፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

አባዬ ጋ ይዤ ስሄድ ብርጭቆውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየው።

"ይሄ ዝንጅብል ነው ወይስ የዝንጅብል ማስታወቂያ?"

"ጠጣው እንጂ አትየው።"

አንዴ ተጎነጨ። "ምንም አይልም" አለና መለሰልኝ። እማዬ ከኋላው የራሷን ይዛ ቆማለች፤ ቀለሙ ራሱ ዓይን ያቃጥላል። ተቀብሏት አንዴ ገለበጠው፣ ጧ አደረገው። "ይሄ ነው መድኃኒት!" እማዬ "አየሽ?" በሚል ዓይን አየችኝ። ድስት ላይ የቀረውን የኔን ፔርሙዝ ውስጥ ገለበጥኩት፣ ከደንኩት፣ ምንም አልተናገርኩም። ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ጠዋት በባዶ ሆዱ የእማዬን ደገመ። ከዛ በኋላ ያለውን ዘልዬዋለሁ።

ሽማግሌዎቹ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ሶስት ናቸው። ፊት የቆሙት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ ረጅም፣ ነጠላቸው እንደ ወረቀት የጸዳ። አጠገባቸው የልጁ አጎት አለ፣ ከዘራ የያዘ። ሶስተኛው፣ ከኋላቸው አንገቱን ያቀረቀረው፣ አዴር ነው!

"አንተ?" አለ አባዬ። "ትላንት እዚህ ስትስቅ ውለህ አንድ ቃል ሳትተነፍስ?"

"ትላንት ወተት ይዤ መጣሁ፣ ዛሬ ጥያቄ" አለ አዴር።

እኔና እህቴ ከሳሎኑ ወደ ጓዳ ከሚያስገባው መጋረጃ ጀርባ ነን። እጄን አጥብቃ ይዛለች።

"ቁጭ በሉ እንጂ" አለች እማዬ።

"የመጣንበትን ተናግረን መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም" አሉ አስተማሪው። ወጉ ነው። እሺ እስኪባል መቀመጥ የለም፣ መብላት የለም፣ መጠጣት የለም። ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። ከአያት ተነሱ፣ ወደ አባት መጡ፣ የልጁን ጠባይ አወሩ። አባዬ ግንባሩ ላይ ላቡ ችፍ ብሏል። እኔ በመጋረጃው ጠርዝ አጮልቄ እግሩን ነበር የማየው፤ ጣቶቹ ክፍት ጫማው ላይ ሲኮማተሩ ገባኝ። "አይ፣ አሁን አይደለም" አልኩ በልቤ።

"...እንግዲህ የእርስዎን ልጅ ለልጃችን..." ሲሉ አባዬ ተነሳና ይቅርታ እንኳን ሳይል በመሃላቸው ሰንጥቆ ወጣ። የግቢው በር ተወርውሮ ተዘጋ።

ሶስቱም ወደ በሩ ዞሩ።

"ይሄ ምን ማለት ነው?" አለ የልጁ አጎት። "ንግግር ሳያልቅ? እንቢ የሚባለው በአፍ ነው እንጂ በጀርባ ነው እንዴ?"

"አይደለም፣ አይደለም" አለች እማዬ። "ስልክ ተደውሎበት ነው።"

የአባዬ ስልክ ጠረጴዛው ላይ፣ አፍንጫቸው ስር ተጋድሟል። ሁሉም አዩት። አዴር ጣራውን ማየት ጀመረ። እማዬ አንገቷ ድረስ ቀላች። ለልጇ ሽማግሌ ለመጣ ሰው ስለ ባሏ አንጀት እንዴት ብላ ታወራለች? ትሞታለች እንጂ አታወራም። አጎትየው ከዘራውን አነሳ። "በቃ እንሂድ። ተነግሮናል።"

እህቴ "ወይኔ" አለች፣ በትንፋሿ። ያን ስሰማ መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ።

"ስልክ አይደለም" አልኩ። "ሆዱን አሞት ነው። ከትላንት ጀምሮ። የግመል ወተት ጠጥቶ።"

እማዬ በዓይኗ ቀበረችኝ። አስተማሪው ግን ትንሽ ወደፊት አጎነበሱ። "እየሮጠበት ነው?" አሉ፣ ስለ ዝናብ እንደሚጠይቅ ሰው።

"አዎ፣ ክፉኛ።"

አዴር ከዛ በላይ መያዝ አልቻለም። "ወላሂ የኔ ወተት ነው! ሽማግሌ ሆኜ መጥቼ የልጅቷን ነገር ላበላሽባት ነበር!" አጎትየው አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየና ከዘራውን መልሶ መሬት አስነካው።

በዛው መሃል የሆነ ሆድ ጮኸ። ረጅም፣ የሚንከባለል ጩኸት። ሁላችንም ወደ ግቢው በር ዞርን።

"የኔ ነው" አሉ አስተማሪው። "ጨጓራ አለብኝ። ለቅዳሴ እህል ሳልቀምስ ነው የወጣሁት።"

ፊታቸውን አሁን ገና አየሁት፤ ነጥቷል። አንድ እጃቸው ከነጠላው ስር ሆዳቸውን ይዟል። ፔርሙዙን አመጣሁ፣ ብርጭቆ ላይ ቀዳሁ፣ ሰጠኋቸው።

"ልጄ፣ ተባረኪ። መልስ ሳንሰማ ግን የዚህ ቤት ውሃ ባፋችን አይዞርም።"

"ውሃ አይደለም አባባ፣ መድኃኒት ነው። ሎሚ የለበትም፣ አያቃጥልዎትም።"

"በብርጭቆ የቀረበ ነገር መስተንግዶ ነው" አለ አጎትየው።

"እና በምን ላቅርበው? በመርፌ?"

"አንቺ!" አለች እማዬ።

አስተማሪው ግን እጃቸውን አነሱ። የምራቸውን እያሰቡ ነው። "ቆይ... ሐኪም ሽሮፕ የሚያዘው በማንኪያ ነው። በማንኪያ ከሆነ መድኃኒት ነው። መድኃኒት ደግሞ ወግ አያፈርስም።" ወደ ሌሎቹ ዞረው "ምን ትላላችሁ?"

አጎትየው አሰበ፣ አሰበ። "በማንኪያ... ያስኬዳል" አለ።

ማንኪያ አመጣሁ። ብርጭቆውን እኔ ያዝኩ፣ እሳቸው እንደቆሙ አፋቸውን ከፈቱ። አንድ፣ ትንሽ ቆይቼ ሌላ። በዶርም ያየሁት ነገር እሳቸውም ላይ መጣ፤ ትከሻቸው ቀስ እያለ ወረደ። "ሙቀቱ ይደርሳል" አሉ። ይሄኔ አጎትየው ጉሮሮውን ጠረገ። "እኔንም እኮ ጠዋት ጠዋት የሆነ ነገር ይነፋኛል።"

"ይክፈቱ" አልኩት።

"እኔን ደግሞ ጸጸት ቆረጠኝ" አለ አዴር፣ ተራ ይዞ።

አባዬ በሩን ከፍቶ የገባው በዚህ መሃል ነው። ሶስት ሽማግሌ በሰልፍ ቆሞ፣ አንዱ አፉን ከፍቶ፣ እኔ እንደ ሕፃን በማንኪያ ሳጎርስ አየን። በሩን ተደግፎ ቀረ።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"እስክትመጣ እያከምኳቸው ነው።"

አባዬ እማዬን አየ። እማዬ መሬቱን አየች። "ነገረቻችሁ?" አለ።

"ነገረችን" አሉ አስተማሪው።

"ሁሉንም?"

"ከጣሳው ጀምሮ" አለ አዴር።

ሊጮህብኝ ነው ብዬ ነበር። ግን የሚጮህበት አቅም አልነበረውም፣ ከንፈሩ ደርቋል። "እርስዎም ይምጡ፣ ተራ አለ" አሉት አስተማሪው አባዬን። መጣ። በማንኪያ ሰጠሁት፣ ዋጠ። ሌላ ሰጠሁት። "አያቃጥልም" አለ፣ ግን አፉን አልዘጋም፣ ሶስተኛውን ጠበቀ። በአንድ ብርጭቆ ተቅማጥ ቆመ ብዬ አልዋሻችሁም፣ እስከ ማታ ተመላልሷል። ቁርጠቱ ግን ለቀቅ አደረገው፤ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ሆዱን አልያዘም።

አስተማሪው ካቆሙበት ቀጥለው ጨረሱ። "...ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን።"

አሁን የአባዬ ተራ ነው። መልሱን እኛ ቤት የማያውቀው የለም፤ ሳምንቱን ሙሉ ግቢ ውስጥ ሲለማመደው ሰምተናል። መጋረጃው ተወጠረ፣ እህቴ ከኋላ ይዛዋለች።

"እንግዲህ..." አለ አባዬ። "ልጅ ማለት... እኔም እንደ አባት... ሰውም አለ፣ ዘመድም አለ..."

ቆመ። የአስተማሪውን ፊት አየ፣ የአጎትየውን ከዘራ አየ፣ እኔ እጅ ላይ ያለውን ማንኪያ አየ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ እንደገና ያመመው መስሎኝ ደንግጬ ነበር። እየሳቀ ነው። "አታስቁኝ" ይላል ሆዱን ይዞ፤ ማንም አላሳቀውም።

"ልመልሳችሁ ነበር" አለ ሳቁ ሲያባራ። "እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለክብሬ ነበር። ሰውዬው ልጁን በቀላሉ ሰጠ እንዳይሉኝ። አሁን ግን እናንተን አቁሜ ሽንት ቤት የሮጥኩ ሰው፣ ልጄ ደግሞ የአንጀቴን ነገር ለሽማግሌ ያወራችብኝ ሰው፣ የትኛውን ክብር አስቀርቼ ነው የምመልሳችሁ?"

አባዬ ወደ እኔ ዞረ።

"ማንኪያውን አስቀምጪ" አለ። "በብርጭቆ ስጫቸው። ቁጭ በሉ አባቶቼ።"

አጎትየው አልገባውም፣ አዴርን በክርኑ ነካው። አስተማሪው ግን ወዲያው ገብቷቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ፣ ከዛ ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። እማዬ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

እኔ ወደ ጓዳ ስገባ እህቴ ሁለት ክንዶቼን ያዘችኝ። ጆሮዋ ውስጥ የራሷ ልብ ብቻ ነው የሚመታው፣ የተባለውን አልሰማችም።

"ምን አለ? ምን አለ?"

"ብርጭቆ አምጪ አለ።"

"እሱን ማን ጠየቀሽ! መልሱን ነው!"

"መልሱ ነው እኮ። በብርጭቆ ስጫቸው፣ ቁጭ በሉ አላቸው።"

እንደቆመች አየችኝ። ከዛ ዞራ፣ እማዬ ለማንም የማታወጣቸውን፣ ጠርዛቸው ወርቃማ የሆኑትን ብርጭቆዎች ከቁም ሳጥኑ ሳታስፈቅድ አውርዳ፣ ትሪ ላይ ደረደረቻቸውና "ቅጂ፣ ቶሎ በይ፣ ምን ትጠብቂያለሽ" አለችኝ።